የአርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላም

ስንጥቅ የሚወለደው መቼ ነው? ብረቱ ሲሰነጠቅ ነው ወይስ ሰው ሲያየው? ብዙ የተማሩ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያይተዋል፤ ይህን ታሪክ የሚተርከውም ሰው ለጊዜው መልስ የለውም። የሐዲድ ደኅንነት ጽሕፈት ቤቱ ግን መልሱን ካወቀው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በጽሕፈት ቤቱ እምነት ስንጥቅ የሚወለደው ቅጽ ላይ ሲጻፍ ነው። ያልተጻፈ ስንጥቅ አልተወለደም፤ ያልተወለደ ደግሞ ባቡር አይገለብጥም።

ይህ ጥልቅ ፍልስፍና ፍሬ አፍርቷል። ጽሕፈት ቤቱ በሚጠብቀው መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ስንጥቅ አልተገኘም። የማያምን ካለ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይግባ፤ አሥራ አንድ የምስክር ወረቀት በመስታወት ተገጥሞ በተርታ ተሰቅሏል። ለአሥራ ሁለተኛው ምስማሩ ቀድሞ ተመቷል።

የዚህ ሁሉ ድል አባት አንድ ሽማግሌ የሐዲድ መርማሪ ነበሩ። በመዝገባቸው ላይ በየቀኑና በየኪሎ ሜትሩ፣ ውብ በሆነ የእጅ ጽሑፍ «ደህና» ብለው ስለሚጽፉ ሰው ሁሉ ጋሽ ደህና ይላቸዋል። መመርመሪያ መሣሪያውን በትከሻቸው አንግተው ሐዲዱን በጫማቸው አፍንጫ መታ መታ እያደረጉ ይሄዳሉ። ሐዲዱ ዝም ካለ ደህና ነው። ሐዲድ ደግሞ በባሕርዩ ጨዋ ነው፤ ሳይነዱበት አይናገርም።

ጋሽ ደህና ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ተተኪ መጣላቸው። ተተኪው ብረት እንዴት እየዛለ እንደሚሰበር ስድስት ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው ነው። ስድስት ዓመት የተማረ ሰው ሥራ በገባ በመጀመሪያው ቀን ጥፋት ሳይሠራ አይውልም፤ እሱም የመሣሪያውን ክዳን ከፍቶ አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባትሪ የሞተው መቼ ነው?»

«የቱ ባትሪ?»

«የመሣሪያው።»

«ባትሪ አለው እንዴ?» አሉ ጋሽ ደህና ከልባቸው ተገርመው። «አንተ ልጅ! ለካ ትከሻዬን የቆረጠኝ እሱ ኖሯል!»

ወጣቱ መርማሪ አዲስ ባትሪ ከተተበት። ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ሁሉ ምንጩ ይህ ነው።

መሣሪያው ወደ ብረቱ ሆድ ድምፅ ይልካል፤ ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ሄዶ ይቀራል፣ ስንጥቅ ካለ ግን ተመልሶ ይጮኻል። በሦስተኛው ቀን፣ አርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከትንሹ ድልድይ ወዲህ ካለው ብየዳ ሲደርስ መሣሪያው እሪ አለ። መርማሪው አጠፋው፣ አበራው፣ ደገመው። እሪታው ያው ነው። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሽቦን ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ ሲደጋገም ግን ቀጭ ይላል። ሐዲድም በየቀኑ ስንት መንኮራኩር እየረገጠው ሲያልፍ ጥቂት ጥቂት ይታጠፋል፤ ሁለቱን ብረት ያጋጠመው ብየዳ ላይ ቅንጣት ጉድለት ካለች ከእሷ ጀምሮ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታድጋለች። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። በሁለት ጎን ሁለት ደጋፊ ብረት፣ አራት ብሎን፣ ብየዳው እስኪቀየር ድረስም ባቡሩ ቀስ ብሎ ማለፍ። መርማሪው ቦታውን ቢጫ ቀለም ቀብቶ፣ እየሮጠ ማለት ይቻላል፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ።

«ምን አገኘህ ወንድሜ?» አሉት።

«ስንጥቅ።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው በሩን ዘጉ። አሰቡና መስኮቱንም ዘጉ።

«ማን ሰማ?»

«መሣሪያው።»

«ከመሣሪያው ሌላ?»

«እኔ።»

«አንተን እንኳ እንመክርሃለን» አሉና ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ። «ቅን ሰው ስለሆንክ ጻፈው ልልህ ነበር። ግን እስቲ ተራ ቁጥር ሰባትን ተመልከት።»

ተራ ቁጥር ሰባት «በወሩ ውስጥ የተገኘ የስንጥቅ ብዛት» ይላል። ከፊት ለፊቱ ባለው ሣጥን ውስጥ ደማቅ ዜሮ አለ። በእጅ የተጻፈ አይደለም።

«ዜሮው ታትሟል እኮ!»

«የሠራተኛውን ጊዜ ለመቆጠብ። አሥር ሺህ ቅጽ ነው ያሳተምነው።»

«እንግዲያው ሰርዤ አንድ ልጻፍ።»

«ከታች አንብብ።»

ከታች «ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም» ይላል።

«ከዜሮው አጠገብ አንድ ብጨምርበትስ?»

«በየት በኩል? በግራ ከጻፍከው አሥር ይሆናል፤ ልትጨርሰን ነው! በቀኝ ከጻፍከው ከሣጥኑ ይወጣል፤ ከሣጥን የወጣ ጽሑፍ ደግሞ አይነበብም።» ቅጹን እንደ ሕፃን ደግፈው ወደ መሳቢያው መለሱት። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። አባቶች የተናገሩት ያለ ነገር አይደለም።»

ጽሕፈት ቤቱ ግን ነገርን አድበስብሶ የሚያልፍ አልነበረም። በማግሥቱ ዘጠኝ አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተሰየመ። ኮሚቴው ሐዲዱን ሄዶ ማየት ለገለልተኝነቱ እንደማይበጅ በመጀመሪያው ስብሰባ ወሰነ። በሁለተኛው ስብሰባ አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ቀረበ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ የቆየ መሥመር፣ ተተኪው በመጣ በሦስተኛው ቀን ብድግ ብሏል። በሦስተኛው ስብሰባ ማንም ከወንበሩ ሳይነሣ እውነቱ ተገለጠ። ስንጥቁን ያመጣው ባትሪው ነው። ስለዚህ ባትሪው እንዲወጣ፣ መሣሪያው ቁም ሣጥን ገብቶ እንዲታሸግ፣ መርማሪውም በበጎ አመለካከት ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና እንዲወስድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ባልደረቦቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሟርተኛው አሉት። ለክፋት አልነበረም፤ ሻይ ሲጋብዙትም በዚያው ስም ነው የሚጠሩት።

ሟርተኛው ግን ማታ ማታ የሚገባበት ቤት ነበረው፤ ጭንቁም ያለው እዚያ ነው። ሚስቱ የባቡር ነጂ ናት። የአንድ ሰዓቱን የጠዋት ባቡር የምትነዳው እሷ ናት።

«አርባ አንድ?» አለች፣ ቦት ጫማዋን እያወለቀች። «ከትንሹ ድልድይ ወዲህ?»

«እሱው።»

«በየጠዋቱ አራት መቶ ሰው ጭኜ የምበርበት?»

«እሱው ነው አልኩሽ።»

«እና የጎረቤትን ውሻ ወሬ አስቀድመህ ይሄን ለመጨረሻ ታቆየዋለህ?»

«ራትሽን አትበዪም ብዬ ነው።»

«እኔ? ለብረት ብዬ?» አለችና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ከዚያ ማኘኳን አቆመች። «መቼ ነው የሚበጠሰው?»

«አላውቅም። ወርም ሊቆይ ይችላል፣ ነገም ሊሆን ይችላል። የምፈራው ብርድ ነው። ብረት ሲበርደው ይኮማተራል፤ ይሄ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበየደ ስለሆነ መፈናፈኛ የለውም። ሁለቱም ጎን ይስበዋል፤ የሚለቀው በሳሳው በኩል ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ቀስ ብለሽ እለፊ።»

«ምን ያህል ቀስ?»

«በእግሩ የሚሄድ ሰው እስኪቀድምሽ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ የጠዋቱ ባቡር አርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እንደ ሙሽራ ይራመድ ጀመር። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በኋላ ለመደው። አንድ ሰውዬማ ከፊተኛው ፉርጎ ወርዶ፣ ቁጥቋጦ ሥር ጉዳዩን ጨርሶ፣ ከኋለኛው ፉርጎ መሳፈርን የዘወትር ልማዱ አደረገው። ባቡሩ ግን በየቀኑ አራት ደቂቃ ይዘገያል፤ የዘገየ ነጂ ደግሞ የመዘግየት ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ላይ የታተሙት ምክንያቶች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ እንስሳ።

«በዚህ በጋ ጎርፍ ብል ማን ያምነኛል?» አለችው። «ተራራም የለም የሚንሸራተት።»

እንስሳ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ዓይነቱን ይጥቀሱ ይላል። ላም አለች። በማግሥቱም ላም፣ በሠልስቱም ላም። ለምን ላም እንዳለች ስትጠየቅ «ፍየል ብል ለአራት ደቂቃ አትበቃም» ብላ መልሳለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። መርማሪውም አብሮ ገባ።

«እኅቴ፣ ይቺ ላም በጣም አሳስባናለች። ምን ትመስላለች?»

«ጌታዬ፣ ጠዋት ፀሐይ ዓይኔን ስለምትወጋው…»

«ቀንድ አላት?»

«አላት መሰለኝ።»

«ስንት?»

«እንደማንኛዋም ላም።»

ሥራ አስኪያጁ ጻፉ። «ባለቤቷ ማን ነው?»

መርማሪው ሳያስበው «ባለቤት የላትም፣ ጌታዬ፤ ይልቅ ስለ ብየዳው…» ብሎ ጀመረ።

«ሟርተኛው፣ እባክህ! እዚህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ላይ ነን!»

መንግሥታዊ ቅልጥፍና ምን እንደሚመስል ያልገባው ሰው ቀጥሎ የሆነውን ያንብብ። በሁለት ቀን ውስጥ አርባ አንደኛው ኪሎ ሜትር በግራና በቀኝ ታጠረ። «ላም ማቋረጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ ላሚቱ አላየሁም እንዳትል ቁመቱ በላም ዓይን ልክ ተደረገ። አንድ አዛውንት ዘበኛም ቀይ ባንዲራ ተሰጥቷቸው ከንጋት ጀምሮ እንዲቆሙ ተቀጠሩ። መርማሪው ከአጥሩ የተረፉ ብሎኖች አይቶ አራቱን እንዲሰጡት የአጥር ሠራተኞቹን አለቃ ለመነ።

«ለምን ጉዳይ?»

«ለሐዲዱ።»

«ወንድሜ፣ ይሄ ለላሚቱ የመጣ ነው። ሌላ ጉዳይ ላይ ብናውለው ማን ይጠየቃል?»

መርማሪው ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደ ዘበኛው ብቅ ይል ነበር።

«አባባ፣ መጣች?»

«ኧረ እናቴ ትሙት አልመጣችም። ሃያ ቀኔ ነው እኮ! ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ለካ እዚህ ዘበኛ ነበር።»

«እስቲ እሷን ሲጠብቁ፣ ይቺን ቢጫ የተቀባች ቦታም ዓይን ይጣሉባት።»

«ምን ሆናለች?»

«ታማለች። የተለየ ነገር ካዩ ባንዲራውን ከፍ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ብየዳውን፣ ቀና ብለው አጥሩን አዩ። «ታዲያ ለምን እሷን ጠብቅ ብለው አልቀጠሩኝም?»

መርማሪው ቢጫውን ቀለም በድጋሚ አደመቀው።

የአሥራ ሁለተኛው ዓመት የዜሮ ስንጥቅ በዓል ሲደርስ ብርዱም አብሮት ደረሰ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ምንም አልፈራም ነበርና ማለዳ በባቡር ለመጓዝ ወሰነ። ፉርጎዎቹ በባንዲራ አጌጡ። እንግዶች፣ የኮሚቴው ዘጠኝ አባላት፣ አንድ የጥሩምባ ጓድ ተሳፈሩ። አዲስ ሙሉ ልብስ የለበሱት ጋሽ ደህና በክብር መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ መርማሪው ከስኬት እንዲማር ታዞ ከኋላቸው ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ነጂዋ ክፍል ድረስ ሄደው አዘዟት።

«ዛሬ እንኳን ላም፣ ዝሆን ቢመጣ እንዳትዘገዪ። ሰዓት እናከብራለን።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

መርማሪው መስኮቱን በትንፋሹ እያደበዘዘ የኪሎ ሜትር ምልክቶቹን ቆጠረ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ባቡሩ ይበራል። ይቺ ሴት እሺ ስትል ከልቧ ነው እንዴ? አርባ። ከዚያ ፍሬኑ ሲይዝ ወገቡ ላይ ተሰማው፤ ባቡሩ ወደ እርምጃ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ፊት ሊሮጡ ሲሉ ባቡሩ ጭራሽ ቆመ።

ከፊት ለፊት ሽማግሌው ዘበኛ ቀዩን ባንዲራ በሁለት እጃቸው እያውለበለቡ ይዘልላሉ። ዕድሜያቸው ለዝላይ የሚሆን አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ወረዱ። «ያዝካት?»

«ላምስ የለችም፣ ጌታዬ። ሐዲዱ ነው።»

ሐዲዱ ቢጫው ቀለም ላይ ለሁለት ተከፍሏል። በመካከሉ መዳፍ የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ፤ ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል። የባቡሩ አፍንጫ ከዚያ ባዶ ቦታ የራቀው አሥር እርምጃ ነው። ነጂዋ ወርዳ አየችው። ባሏ አጠገብ ሄዳ እጅጌውን ያዘችና አለቀቀችውም።

መርማሪው በሌላው እጁ ወደ ተሰበረው ፊት ጠቆመ። «ይኸውላችሁ። ይሄ የሚያብረቀርቀው ዛሬ ንጋት ላይ የተበጠሰው ነው። ይሄ የጠቆረው ግን የቆየ ነው፤ ዓመታት። ቀለበቶቹን እዩአቸው፣ ስንጥቁ እያደገ የመጣበት መንገድ ነው።»

ጋሽ ደህና ተጠጉ። ሐዲዱን እንደ ልማዳቸው በጫማቸው አፍንጫ መታ አደረጉት።

«ደህና አይደለም» አሉ።

የጥሩምባው ጓድ ሳይቀር ጥሩምባውን አወረደ። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ታላቅ መሪ የሚለየው። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀለበቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ቀና አሉ።

«ክቡራን እንግዶች! የሚታየው ስንጥቅ አይደለም። ስንጥቅ ማለት የተሰነጠቀ ነገር ግን አብሮ ያለ ነው። ይህ ግን ተለያይቷል። ስለዚህ ዜሮአችን ዜሮ ነው።» ጭብጨባ ሊነሣ ሲል በእጃቸው አቆሙት። «ማን ለየው? እነዚህን ክብ ምልክቶች ልብ በሉ። ኮቴ ናቸው! ይህ ጽሕፈት ቤት ስለዚች ላም ስንት ጊዜ አስጠንቅቋል?»

«ጌታዬ፣ ላም እኮ አላለፈችም» አሉ ዘበኛው። «ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ብልጠቷ እኮ እሱ ላይ ነው!»

ጭብጨባው ተነሣ። ጥሩምባውም ተነፋ። ሐዲዱ፣ «በእንስሳ የደረሰ ጉዳት» የሚል ቅጽ ተሞልቶለት፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። ዘበኛው ባቡሩን በማቆማቸው ተመሰገኑ፤ ላሚቱን በማሳለፋቸው ተገሠጹ፤ ወረቀት ላለማባከን ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ነጂዋ ስለ አደገኛዋ ላም ሳትታክት በማስጠንቀቋ ሜዳሊያ አገኘች። ባሏ ላሚቱን በወቅቱ ባለመለየቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። አሥራ ሁለተኛው የምስክር ወረቀት ምስማሩ ላይ ተሰቀለ።

ጋሽ ደህና ጡረታ የወጡ ዕለት መርማሪውን ወደ ጥግ ጠርተው አንዲት ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«የቁም ሣጥኑ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ እኔ ጋ እንዳለ ማንም አያውቅም። ማኅተሙ ሰም ስለሆነ በክብሪት ይመለሳል።» ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ። «ባትሪውን ግን አንተው ግዛ። እኔ ባትሪ አላውቅም።»

መርማሪው በየእሑዱ መሣሪያውን አንግቶ መውጣት ጀመረ። በሁለተኛው እሑድ፣ አርባ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ መሣሪያው ከበፊቱ ይበልጥ ጮኸ።

«ላም በል» አለችው ሚስቱ፣ ሜዳሊያዋን ከአቧራ እየጠረገች። «ነገ ከሰዓት ይቀየርልሃል።»

«አልልም።»

«ኩራት ነው?»

«ኩራት አይደለም። ዛሬ ላም፣ ነገ ላም፣ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር አጥር እናጥራለን፤ ብየዳውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ ጊዜ በስሙ ልጥራው።»

«ባልየው፣ የምነዳው እኔ ነኝ እኮ።»

«ለዚህ ነዋ በስሙ የምጠራው።»

ሴትየዋ ሜዳሊያውን አስቀመጠች። «እሺ፣ ላክ። እኔ እስከዚያው ቀስ እላለሁ።»

መርማሪው ስለ መሥሪያ ቤቱ የመልስ አሰጣጥ ቅሬታ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት ሰባ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ፍየል ታየች ብሎ የጻፈ የጣቢያ ኃላፊ በስድስት ደቂቃ ውስጥ መልስ አግኝቷል፤ ለአጥሩም በማግሥቱ እንጨት ተጭኖለታል። ስለዚህ ስልኩን አውጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ፣ በአራተኛው ለሥራ አስኪያጁ ይህን ላከ፦

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አርባ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀኙ ሐዲድ ብየዳ ተሰንጥቋል። ከመጀመሪያው ይበልጣል። ላም የለችም። ኖራም አታውቅም። ባለቤቴ ነገ በአንድ ሰዓቱ ባቡር በላዩ ታልፋለች። እባክዎ አራት ብሎን።»

መልእክቱ ደርሷል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተነብቧል።

ባቡሩ ዛሬም አርባ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመዋል። መልስ አልመጣም።